ወፍራም ግድግዳ ወይስ ነፋስ የሚያልፍበት ቤት? ለአየር ንብረቱ የሚስማማ ቤት ስለ መንደፍ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለቤተሰባችን መኖሪያ የሚሆን፣ ወለሉ ወደ 100 ካሬ ሜትር የሚጠጋ፣ ፎቅ የሌለው ቤት ለመሥራት በዝግጅት ላይ ነን። ቦታው ተገኝቷል፤ ንድፉ ግን ገና ስላላለቀ መለወጥ ያለበት ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው። የምንፈልገው ክረምት ከበጋ ያለ ማሞቂያና ያለ ማቀዝቀዣ ልንኖርበት የምንችል፣ ሲሠራም ሆነ ከተሠራ በኋላ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያነሰ ቤት ነው።

የተቸገርሁት ምክሩ በዝቶ እርስ በርሱ በመጋጨቱ ነው። አንድ ባለሙያ ግድግዳው ወፍራምና ከአፈር የተሠራ እንዲሆን፣ እንዲህ ከሆነም ቤቱ ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቃት እንደሚሆን ነገሩኝ። ሌላው ደግሞ ወፍራም ግድግዳ ሙቀት አምቆ እንቅልፍ ይነሳል፤ ቤቱ ቀላል ይሁን፣ ከግራም ከቀኝም ነፋስ ይግባበት ይላሉ። ሦስተኛው ባለሙያ ሁለቱንም ሐሳብ ትተን ግድግዳውንና ጣሪያውን በሙቀት ከልካይ ሽፋን እንድንለብጥ፣ በመስኮቶቹም ላይ ድርብ መስታወት እንድናደርግ መክረውናል። ሁሉም የሠሯቸውንና ነዋሪዎቹ የተደሰቱባቸውን ቤቶች በምስክርነት ይጠቅሳሉ። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ? ገንዘባችንም ውሱን ስለሆነ ቅድሚያ የምንሰጠው ለግድግዳው፣ ለመስኮቱ ወይስ ለሶላር ፓነል እንደሆነ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

የመጀመሪያ መልስ፣ ከአንድ አርክቴክት

ሦስቱም መካሪዎችዎ እውነት ተናግረዋል፤ የተናገሩት ግን ስለ ሦስት የተለያዩ የአየር ንብረቶች ነው። ስለዚህ ከምክሮቹ መካከል ከመምረጥዎ በፊት የእርስዎ ቦታ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል መለየት ይኖርብዎታል።

ወፍራም የአፈር ግድግዳ ዋና ሥራው ሙቀትን ማዘግየት ነው። 40 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ ግድግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከውጭ የተቀበለው ሙቀት ወደ ውስጠኛው ፊት እስኪዘልቅ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በመሆኑም የቀኑ ሐሩር ቤት ውስጥ የሚሰማው እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ ያውም ኃይሉ እጅግ ተዳክሞ ነው። በዚያን ጊዜ የውጪው አየር ቀዝቅዞ ከሆነ መስኮት ከፍቶ ትርፉን ሙቀት ማስወጣትና ግድግዳውን ለማግስቱ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚሳካው ግን ሌሊቱ በእርግጥ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ነው፤ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ በሆነበት ቦታ ወፍራም ግድግዳ ዋጋውን ይመልሳል። በየመን የሺባም ከተማ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ከጭቃ ጡብ የተሠሩት፣ በኢራን የያዝድ ነዋሪዎችም በወፍራም የአፈር ግድግዳ ላይ ነፋስ የሚስቡ ማማዎችን የጨመሩት እንዲህ ባለው ደረቅ አየር ውስጥ ነው። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አቅራቢያ የአዲሱን የጉርና መንደር ሲነድፉ ከኮንክሪት ይልቅ ጭቃ ጡብንና የነፋስ መሳቢያን የመረጡት ይህንኑ በማስተዋል ነበር። ደረቅ አየር ሌላም ስጦታ አለው፦ አንድ ሊትር ውኃ በሚተንበት ጊዜ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ከአየሩ ይወስዳል፤ ስለሆነም በግቢ ውስጥ ያለ ትንሽ የውኃ ገንዳና ተክል ወደ ቤት የሚገባውን ነፋስ በሚታወቅ መጠን ያቀዘቅዘዋል።

ሞቃትና እርጥበት በበዛበት ዝቅተኛ ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሌሊቱ ከቀኑ ብዙም ስለማይለይ ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀቱን የሚጥልበት ሰዓት አያገኝም፤ ሰው ሊተኛ ሲል ግድግዳው ገና ትኩስ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ መትነን ሲሆን አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ቦታ ላቡን የሚያደርቀው የነፋሱ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር ያህል የሚነፍስ አየር ሙቀቱን ወደ 3 ዲግሪ የቀነሰ ያህል ሆኖ ይሰማል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖሩት የማሌይ ሕዝቦች ባህላዊ ቤት በምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በቀላል እንጨት ተሠርቶ፣ ሰፊ ክፈፍ ባለው በጣም ያዘነበለ ጣሪያ የተሸፈነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው መካሪዎ የተናገሩት ስለ እንዲህ ያለ ቦታ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ምክር የቀዝቃዛ አገር ምክር ነው። ክብደትና ሙቀት ከልካይነት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ ወይም መስታወት የሚሠራ ሙቀት ከልካይ) የሚያግደውን ሙቀት ለማገድ ከአንድ ሜትር በላይ የሚወፍር የጭቃ ግድግዳ ያስፈልጋል። ለወራት ብርዱ ቀንም ሌሊትም በማይለቅበት አገር ግድግዳው ሙቀቱን ቢያዘገየው ጥቅም የለውም፤ ማስቀረት አለበት። በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰዎች የገቡባቸው የመጀመሪያዎቹ ፓሲቭሃውስ ቤቶች (በደንብ ታሽገው በጣም ጥቂት ማሞቂያ የሚበቃቸው) ይህንን መንገድ እስከ ጥጉ ወስደውታል፤ የዚህ ደረጃ ቤት ለማሞቂያ በዓመት በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በላይ እንዳይጠቀም ተወስኗል። እንዲህ የታሸገ ቤት ግን የታሰበበት የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ከሌለው ከምግብ ማብሰያ፣ ከመታጠቢያና ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ግድግዳ ላይ ተጠራቅሞ ሻጋታ ያበቅላል።

ስለዚህ ከመምከራችን በፊት የሚከተለውን ቢነግሩን መልካም ነው፦ የየወሩን አማካይ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት፣ የእርጥበቱን ሁኔታ፣ የዝናቡን መጠንና የነፋሱን አቅጣጫ፣ እንዲሁም ቦታው ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ። አርክቴክት ካርል ማሆኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁትና በተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው ሰንጠረዥ ከእነዚሁ የ12 ወራት አኃዞች ተነሥቶ የግድግዳውን ክብደት፣ የመስኮቱን ስፋትና የክፍሎቹን አደራደር ይጠቁማል። ያለ ኮምፒውተር፣ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ በመሆኑ ማንም ቤት ሠሪ ሊጠቀምበት ይችላል። በአቅራቢያ የሚገኘው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ከቦታዎ በከፍታ የሚለይ ከሆነ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ እያስተካከሉ ያንብቡት።

ሁለተኛ መልስ፣ ከአንድ መሐንዲስ

አርክቴክቱ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂያችን ስለ ግድግዳ ሲጨነቁ ጣሪያው እንዳይረሳ እሰጋለሁ። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ ቦታ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትሆን አብዛኛውን ጨረር የሚቀበለው ጣሪያው ነው፤ በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያርፈው ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ይደርሳል። ባዶ የብረት ቆርቆሮ ክብደትም ሙቀት ከልካይነትም ስለሌለው ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዝና የቤቱን እርጥበት ወደ ጠል ይለውጣል። ሥራው ግን ከባድ አይደለም። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ከሚያርፍበት ጨረር እስከ 80 በመቶ ሊመልስ ሲችል ጥቁሩ አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል፤ ነጩም ቢሆን አቧራ ሲለብስ ኃይሉ ስለሚቀንስ በየጊዜው መታጠብ አለበት። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል አየር እንዲያልፍ ቀዳዳዎች ይተዉ፤ ከኮርኒሱ በላይም የሙቀት ከልካይ ንጣፍ ይደረግ። ገንዘብ ውሱን በሆነበት ጊዜ ይህ ንጣፍ ከማንኛውም ውድ መስታወት ይልቅ የሚሰጠው እፎይታ ይበልጣል።

ቀጥሎ የቤቱን አቅጣጫ ያስቡበት፤ ዋጋ የማያስከፍል ሆኖ ሳለ ዘግይተው ሊያርሙት የማይችሉት ውሳኔ እርሱ ነውና። የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ አብዛኞቹ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመለከታሉ። የቀትር ፀሐይ ከፍ ያለች በመሆኗ እነዚህን መስኮቶች በአጭር ክፈፍ መከለል ይቻላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ለምሳሌ በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ባለ የደቡብ መስኮት ላይ ግማሽ ሜትር የወጣ ክፈፍ በሰኔ አጋማሽ ቀትር 1.68 ሜትር ያህል ወደ ታች ጥላ ሲጥል፣ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ አጋማሽ ግን የሚጥለው 25 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያው ክፈፍ በሞቃቱ ወራት ፀሐዩን ይከለክላል፣ ብርዱ በመጣ ጊዜ ያስገባል ማለት ነው። በምዕራብ በኩል ግን ክፈፍ አያድንም፤ የማታ ፀሐይ በመስኮቱ ትክክል ሆና ስለምትገባ ቁም መከለያ፣ የእንጨት መዝጊያ ወይም ዛፍ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን በምዕራብ በኩል ዕቃ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን አደርጋለሁ።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። ጥላ ከመስታወቱ ውጪ መሆን አለበት፤ መጋረጃ ፀሐይን የሚያቆማት መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው፣ ሙቀቱም እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ በፀሐይ በኩል ይተከል የሚለው የተለመደ ምክርም በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ እንኳን ከብርዱ ወራት ፀሐይ ቀላል የማይባለውን ክፍል ስለሚወስድ፣ የቀዝቃዛ አገር ሰው ዛፉን በምሥራቅና በምዕራብ ቢተክል ይሻለዋል።

ከጠያቂው

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በአቅራቢያችን ካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ያገኘሁትን እነሆ። ቦታው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ15 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ የሚገኝ፣ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። በሞቃቱ ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 29፣ የሌሊቱ 13 ዲግሪ ሲሆን፣ በቀዝቃዛው ወር ቀኑ 22፣ ሌሊቱ 6 ዲግሪ ነው። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው በሦስት ወራት ውስጥ የሚወርድ ሲሆን በእነዚያ ወራት አየሩ እርጥብና ደመናማ፣ ቀኑም ከ21 ዲግሪ የማይበልጥ ነው። ነፋሱ በአመዛኙ ከምሥራቅ ይመጣል። ለግንባታ የሚሆን አፈርና ድንጋይ በአቅራቢያ አለ። አሁን የምሰጋው ለአንድ ነገር ነው፦ የአፈር ግድግዳ ሦስት ወር ዝናብ ይችላል?

ሦስተኛ መልስ፣ በአፈር ግንባታ ከሠራ ሰው

ይችላል፤ ነገር ግን የአፈር ግድግዳን የሚያፈርሰው ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከመሬት የሚወጣውና ከመሬት የሚፈናጠቀው ውኃ ነው። ስለዚህ መሠረቱ ከድንጋይ ሆኖ ከመሬት በላይ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ይውጣ፤ በላዩ እርጥበት የሚያቋርጥ ንጣፍ ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ የአፈሩ ግድግዳ ይጀምር። የጣሪያው ክፈፍ በአራቱም ጎን ይስፋ፤ በቤቱ ዙሪያም መሬቱ ወደ ውጪ ተዳፍቶ ውኃው የሚሄድበት ቦይ ይበጅ። ምርጊቱን በተመለከተ በሲሚንቶ አትለስኑት ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ። ሲሚንቶ ጠንካራና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ በስንጥቁ የገባውን ውኃ ከውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ግድግዳ ከሥሩ ይረግብና አንድ ቀን ልስኑ ከነአፈሩ ተላቅቆ ይወድቃል። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ምርጊት ወይም የኖራ ልስን ግድግዳው እንዲተነፍስ ያስችለዋል፤ ሲጎዳም በቀላሉ ይጠገናል።

ለአካባቢ የሚደረገው ጥንቃቄም ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ ነው። የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ገደማ በሚግል ምድጃ ሲቃጠል ከነዳጁ ጭስ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ይለቃል፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ኬሚካዊ ለውጥ ስለሚወጣ ነዳጁን በመቀየር ብቻ የሚወገድ አይደለም። ከቦታው የተቆፈረ አፈር ግን አይቃጠልም፣ ከሩቅም አይጫንም። ተራው የጭቃ ጡብ ጥንካሬው ካሳሰባችሁ በመጫኛ ማሽን የሚታመቅ የአፈር ብሎኬት አለ፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ይቀላቀልበታል፣ በምድጃ መተኮስም አያስፈልገውም። አፈሩ ግን አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፤ ሸክላነቱ የበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋነቱ የበዛ ደግሞ አይያያዝም፤ የላይኛው ጥቁር የእርሻ አፈርም ለግድግዳ ስለማይሆን ተነሥቶ ለተክል ይቀመጥ።

ሊታለፍ የማይገባ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቦታው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጋው ከሆነ ያልተጠናከረ የአፈር ግድግዳ ሰው ይገድላል። በኢራን ባም ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሞቱት በአመዛኙ በራሳቸው ቤት ግድግዳና ጣሪያ ሥር ተቀብረው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ግድግዳዎቹ ከላይ በዙሪያቸው በሚያስራቸው ቀለበት ማገር መያያዝ፣ በውስጣቸውም ቋሚ ማጠናከሪያ ማግኘት፣ ጣሪያውም ቀላል መሆን አለበት፤ ስሌቱን የሚሠራው ደግሞ የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ብልጠትም ቁጠባም ቦታ የለውም።

ከአርክቴክቱ

አኃዞቹን አየኋቸው፤ በጣም ግልጽ ናቸው። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ወር ቀኑና ሌሊቱ በ16 ዲግሪ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መካሪዎ ለእርስዎ ቦታ ትክክል ነበሩ። ከ35 እስከ 40 ሴንቲሜትር የሚወፍር የአፈር ግድግዳ፣ ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት ከልካይ ንጣፍ፣ በሞቃቱ ወራት ቀን የሚዘጉና ሌሊት የሚከፈቱ መስኮቶች ቤቱን ያለ ማቀዝቀዣ ያኖሩታል። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ በዚያ በኩል ከፍ ብለው የሚገኙ ትንንሽ ማስገቢያዎች፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ማስወጫዎች ይኑሩ፤ ሌባና ትንኝ ሳይፈሩ ሌሊቱን ክፍት እንዲያድሩ ፍርግርግና ወንፊት ይደረግባቸው። አየር ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እንዲያልፍ የሚፈለግበት ክፍል ጥልቀቱ ከኮርኒሱ ከፍታ አምስት እጥፍ መብለጥ የለበትም።

ሐሳብ የሚጠይቀው የብርዱ ወር ነው። ሌሊቱ 6 ዲግሪ ሲደርስ ቤቱ የሚሞቀው ቀን ባገኘው ፀሐይ ነውና የመኖሪያ ክፍሎቹ ወደ ደቡብ ይመልከቱ። በእርስዎ ኬክሮስ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ 51.6 ዲግሪ ላይ ትሆናለች፤ በዚያን ጊዜ 60 ሴንቲሜትር የወጣ ክፈፍ 76 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ጥላ ይጥላል። እዚህ ላይ የኔና የአፈር ግንባታ ባለሙያው ፍላጎት ይጋጫል፤ እርሳቸው ለዝናቡ ሲሉ ክፈፉ እንዲሰፋ ይፈልጋሉ፣ ስፋቱ ግን የታኅሣሥን ፀሐይ ይወስድብናል። መፍትሔው በደቡብ በኩል ክፈፉን ከመስኮቱ አናት ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ጥላው መጀመሪያ በባዶው ግድግዳ ላይ ስለሚያልቅ መስኮቱ አብዛኛውን ፀሐይ ያገኛል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ አናት ላይ ወይም በስተ ሰሜን ስለምትሆን ከፍ ማለቱ በሞቃቱ ጊዜ አይጎዳም። ከመኝታ ክፍሎቹ አንዱን በምሥራቅ አድርገው መጠነኛ መስኮት ቢያወጡለት የጠዋቷ ፀሐይ ከሌሊቱ ብርድ ቀድማ ታላቅቀዋለች። በክረምቱ ሦስት ወራት ደግሞ መስኮቶቹ ቀን ላይ ይከፈቱ፤ የአፈር ግድግዳ ከአየሩ የሚስበውን እርጥበት መልሶ የሚሰጠው አየር ሲዘዋወር ነው።

ስለ ገንዘቡ ቅደም ተከተል ጠይቀው ነበር። አቅጣጫውና የመስኮቶቹ አቀማመጥ ወጪ የላቸውምና ይቅደሙ፤ ከዚያ መሠረቱና ጣሪያው፣ ከዚያ ግድግዳው። ድርብ መስታወት ለእርስዎ ቦታ አያስፈልግም፤ በደንብ የሚገጥም የእንጨት መዝጊያ ሌሊት ላይ ሥራውን ይሠራል። ጣሪያዎ ከነክፈፉ 130 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከዝናቡ 80 በመቶው ቢጠራቀም በዓመት ከ90,000 ሊትር በላይ ውኃ ያስገኛል፤ ስለዚህ የአሸንዳውና የውኃ ማጠራቀሚያው ቦታ ከአሁኑ በንድፉ ላይ ይመላከት። ሶላር ፓነሉ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ቤት ለመብራትና ለአነስተኛ መሣሪያዎች የሚበቃው ጥቂት ፓነል ነው፣ የመታጠቢያውን ውኃም በፀሐይ በቀጥታ ማሞቅ በኤሌክትሪክ ከማሞቅ ይልቅ ያዋጣል። ለፓነሉ የሚሆነውን ወደ ደቡብ ያዘነበለ የጣሪያ ክፍል ግን ከአሁኑ ከዛፍ ጥላ ነፃ አድርገው ይተዉት።

መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ንድፍ አውጪዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የታኅሣሥ አጋማሽ፣ የመጋቢት አጋማሽና የሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ በእያንዳንዱ መስኮት ላይ የሚጥለውን ጥላ በሥዕል ያሳዩዎት። ሥዕሉ ሲደርስዎ እዚህ ቢያቀርቡት አብረን እናየዋለን።